ንጹሕ ቁምጣ

የሣሩ ጠባቂ ነኝ፤ ኮሊን ይሉኛል፣
ሠላሳ አንድ ክረምት ኖራው አንጥቶኛል።
ማን እንዳሸነፈ ሰሌዳው ይናገር፤
እኔ የማነበው ሌላ ነው፣ ከምድር፦
ማን የት ተንሸራቶ፣ ማን የት እንደ ወደቀ፣
የማን ጫማ ብረት ሣሩን እንደ ፈለቀቀ።

የካቲት በእኛ ዘንድ ፀሐይ የሚከርርበት፣
ክሪኬት የሚጀመርበት፣ ነጭ የሚለበስበት።
ሩሪ የሚባል ልጅ፣ አሥራ አራት ዓመቱ፣
ብርቱካን ያድላል በእረፍት ሰዓቱ፤
ጓንት ያቀብላል፣ ውሃ ያመላልሳል፣
«አሥራ ሁለተኛ ሰው» ተብሎ ይጻፋል።
ነጥብ መዝጋቢውም ደግሞ እሱ ራሱ ነው፤
የገዛ ስሙን እዚያ፣ ከግርጌ፣ የሚያሰፍረው።

ቅዱስ ኮልሞች በሰባት ዊኬት ረቱን፤
ከወደቡ ልጆች ጋር ዝናብ ገላገለን።
ሚያዝያ ላይ ሲያኦሲ በአሎሎ ወርቅ አመጣ፤
የጣለው ጉድጓድ ዛሬም ከሣሬ ላይ አልወጣ።
ግንቦት አገር አቋራጭ፤ ጭጋግ እንደ ግድግዳ፣
ሩሪን ባንዲራ አስይዘው ተከሉት ከሜዳ፤
ሯጮቹ ተሳስተው ላም በረት ሲገኙ፣
ወቀሳው በእሱ ነበር፤ ሌላ ማን ያገኙ።

ከዚያ ራግቢ።
ከደቡብ የሚነሣ፣ በረዶ ያዘለ ነፋስ
የጎሉን ብረት ቱቦ እያፏጨ ሲያስለቅስ፣
ልጆቹ ሌሊት ተነሥተው፣ ላም አልበው ይመጣሉ፣
እጃቸው ወተት ወተት እየሸተተ ኳስ ይቀልባሉ።
አሠልጣኙ ጊልፊላን (የሒሳብ መምህር ነው)
«ዝቅ በል!» ከማለት በቀር ቃል የማያውቅ ሰው።
ቅዳሜ በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ሲኬድ፣
መስኮቱ በትንፋሽ ታውሮ፣ በግ ሞልቶት መንገድ፣
ሲሄዱ ዘፈን ነው፤ ሲመለሱ ጸጥታ፤
አርባ አንድ ለባዶ! ምን ይወራል ማታ?

ሩሪም አብሮ ይሄዳል፣ አብሮ ይመለሳል።
ወንበር ያሞቃል።
የሌሎችን ካፖርት ያቅፋል።
ቁምጣው እንደ ታጠበ፣ እንደ ተተኮሰ፣
ሳያድፍ ቅዳሜው አልቆ ሰኞ ደረሰ።
እናቱ አንድ ቀን ከበሩ ላይ አገኘችኝ፣
«የእኔ ልጅ በማጠብ አያደክም» አለችኝ፤
ሣቀች። ሣቋ ግን ከጉሮሮዋ አላለፈ፣
እኔም ስለ አረሙ አወራሁ፣ አንደበቴ ሰነፈ።

ነሐሴ። የመጨረሻው። ቅዱስ ኮልም በሜዳችን።
ዘንቦ ዘንቦ መስመሬ ሟሙቶ፣ ጭቃ ውጦት ደጃችን፤
አምበሉ ታኔ ትከሻው ወልቆ ወጣ፣
አንዱ ቀድሞ ተቀይሯል፣ አንዱ በትኩሳት አልመጣ፤
ጊልፊላን ወንበሩን ዞሮ አየ፤ አንድ ልጅ ነው የቀረ።
«ሩሪ!» አለ። ልጁ ካፖርቶቹን ጥሎ በረረ።

አራት ደቂቃ።
በግራው ጠርዝ ቆመ፣ እጁን ዘርግቶ፣ አጎንብሶ፤
ኳሷ በቀኝ ሄደች፤ የሰው ክምር እዚያ ፈርሶ
እዚያው ተከመረ፤ እንደገና በቀኝ፤
«አሁን ትመጣለች!» ብዬ ከአጥሩ ሥር ጮኽኩኝ።
አልመጣችም።
ፊሽካ።
አሥራ ዘጠኝ ለአሥራ ሰባት። ተሸነፍን።

ሌሎቹ ተጨባብጠው ወደ ሙቅ ውሃ ገቡ።
ሩሪ ግን ቀረ፤ ዙሪያውን ቃኘ፤ ማንም የለም ከቅርቡ።
(እኔ ከመጋዘኑ ጥላ ውስጥ ነበርኩ።)
ከሜዳው ጥግ፣ ከረግረጉ፣ ቀስ ብሎ ተኛ፤
አንዴ በደረቱ፣ አንዴ በጀርባው፣ ልክ እንደ ዋናተኛ።
ተነሣ፤ ቁምጣውን ቁልቁል አይቶ፣ በቃኝ አለ፤
ወደ እናቱ መኪና፣ ያልተመታ እግሩን እየጎተተ፣ ቀጠለ።

ኅዳር ላይ ሽልማት ነበር፤ ዋንጫው በመደዳ፣
የሲያኦሲ ስም በወርቅ ገባ ከሰሌዳ።
ጭብጨባው ሳያልቅ ክራባቴን ፈትቼ ወደ ሜዳው ወረድኩ፤
ዘር በተንሁ፣ አፈር ሞላሁ፣ ሙሉውን ደለደልኩ፤
አንድ የልጅ ቁመት ብቻ ከጥጉ ሳልነካ ተውኩ።

ርእሰ መምህሩ ቆይቶ አየው።
«ኮሊን፣ እዚህ ጋ ምን ሆኖ ነው?»

«ተጫውተውበታል» አልኩት።